ጠቅላላ ሳይንስን ከርቀት ማስተማር፦ ሊንክ ከመላክዎ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

በኮሌጅ የጠቅላላ ሳይንስ ኮርስ የሚወስደው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ሳይንስን ተሰናብቼዋለሁ» ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ዋና ትምህርቱ ሒሳብ አያያዝ፣ ሕግ ወይም ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የተገኘው ግዴታ ሆኖበት ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ ፊት ለፊት ማስተማር ራሱ ጥረት ይጠይቃል። ከርቀት ሲሆን ደግሞ ካሜራውን ያጠፋና በጥቁር ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። መምህሩም ለሳጥኖች ያስተምራል።

በኢንተርኔት የሚገኙ አሳታፊ መሣሪያዎች፣ ማለትም ሲሙሌሽኖች (የተፈጥሮን ሂደት በስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች)፣ የሰማይ ካርታዎች፣ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የልኬት መረጃዎችና ስልክን መለኪያ የሚያደርጉ መተግበሪያዎች፣ ይህን ሁኔታ መለወጥ ይችላሉ። በራሳቸው ግን አይለውጡትም። ሊንክ ልኮ «እስቲ ሞክሩት» ማለት፣ ተማሪው ለጥቂት ደቂቃ ቁልፎችን ነካክቶ እንዲዘጋው መጋበዝ ነው። መሣሪያው ሥራውን የሚሠራው ተማሪው ገና ሳይነካው በጽሑፍ ያስቀመጠው፣ ሊሟገትለት የሚችል ግምት ሲኖረው ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

1. ምዕራፎችን ትተው ጥያቄዎችን ይምረጡ

የመጽሐፉን ማውጫ ለሳምንታት ማከፋፈል ቀላሉ መንገድ ነው፤ ውጤቱ ግን ሩጫ ብቻ ነው። ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ሥነ ሕይወትንና የመሬት ሳይንስን በአንድ መንፈቅ ዓመት «መሸፈን» ከርቀት አይቻልም። በአካልም የሚቻል አይመስለኝም። በዚህ ፈንታ ስድስት ወይም ሰባት ጥያቄዎችን ይምረጡ። ተስማሚው ጥያቄ ተማሪው ያለ ጥርጥር የሚመልሰው፣ መልሱ ግን ሲፈተሽ የሚወድቅበት ነው።

ለምሳሌ ወቅቶች የሚፈራረቁት ለምንድን ነው? ብዙዎች «መሬት ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ስለሚሞቅ ነው» ይላሉ። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በጁላይ መጀመሪያ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ቢገጠሙ የትኛው ይበልጥ ያበራል? «የመጀመሪያው፤ ኤሌክትሪኩን ቀድሞ ስለሚጠቀምበት» የሚለው መልስ በየክፍሉ አለ።

እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፦ የአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ የተሠራበት ቁስ ከየት መጣ? «ከአፈር» የሚል መልስ ይዘንባል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም አንድ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ላይ ተክሎ ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 74 ኪሎ ግራም ገደማ ሲጨምር ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አልሞላም። ሄልሞንት «እንግዲያው ግንዱ ከውሃ ነው» ሲል ደመደመ፤ ከአየር የመጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አላሰበውም። የሚገርመው ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ጋዝ ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ እሱው ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪ መንገር የሚገባው ግምቱን ከጻፈ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

2. ተማሪው በእጁ ያለውን ይወቁ

ኮርሱ ሳይጀመር ሦስት ጥያቄዎች ይላኩ፦ በምን መሣሪያ ትማራላችሁ? ኢንተርኔታችሁ በመጠን የተገደበ ነው ወይስ አይደለም? ድምፅ ማሰማት የምትችሉበት ጸጥ ያለ ሰዓት አላችሁ? መልሱ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ስልኮች እጅግ ደካማው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ተመሳሳዩን ፈልገው በኮርሱ የሚጠቀሙበትን ሁሉ በእሱ ላይ ይሞክሩት። በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ሲሙሌሽን በትንሽ ስክሪን ላይ ጣት የማይነካው ተንሸራታች ሊሆን ይችላል።

የተቀዳ ትምህርት ሲያዘጋጁ ድምፁን ለብቻው ማውረድ የሚቻልበትን መንገድ ይተዉ። በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት የተቀዳ የ10 ደቂቃ ንግግር 5 ሜጋባይት አይሞላም። ምስሉ የግድ ካላስፈለገ ጥቂት ሥዕሎች ያሉት ፒዲኤፍና ድምፅ ይበቃሉ። ግራፎች ላይ ቀይና አረንጓዴን ብቻ በመጠቀም መስመሮችን አይለዩ፤ ሁለቱን ቀለሞች የማይለይ ተማሪ ሊኖር ይችላል። በቪዲዮው ላይ ጽሑፍ መጨመርም የመስማት ችግር ላለበት ብቻ ሳይሆን ጫጫታ ባለበት ቤት ለሚማረውም ይጠቅማል።

3. መሣሪያ አያብዙ

በየሳምንቱ አዲስ ድረ ገጽ ማስተዋወቅ ተማሪውን የአዝራር ቦታ ፈላጊ ያደርገዋል። ለመላው ኮርስ አራት ያህል በቂ ናቸው።

የመጀመሪያው ፌት የተባለው የሲሙሌሽን ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦልደር በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ካርል ዊማን ነው፤ እሱም በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። ሲሙሌሽኖቹ ነፃ ናቸው፤ ያለ ምዝገባ በማንኛውም ማሰሻ ይከፈታሉ፤ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉመዋል። ለርቀት ትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅማቸው ግን እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል ወርደው ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ነው። ኔትወርክ ያገኘ አንድ ተማሪ አውርዶ ለጓደኞቹ በስልክ ማስተላለፍ ይችላል። አንዳንዶቹ በኪቦርድ ብቻ የሚሠሩና የሚሆነውን በድምፅ የሚገልጹ ስለሆኑ ማየት ለተሳነው ተማሪ የትኞቹ እንደሚስማሙ አስቀድመው ያጣሩ።

ሁለተኛው ስቴላሪየም ነው፤ የማንኛውንም ቀንና ቦታ ሰማይ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም። ሦስተኛው በጀርመን በአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ ነው፤ በስልክ ውስጥ ያሉትን የእንቅስቃሴ፣ የድምፅና የማግኔት መመርመሪያዎች ወደ ቤተ ሙከራ መለኪያነት ይለውጣቸዋል። አራተኛው እውነተኛ የልኬት መረጃ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የማንበቢያ መጽሐፍ ካስፈለገ የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ የሥነ ሕይወት፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሥነ ፈለክ መጻሕፍቱን በነፃ ያስወርዳል።

ስለ ማስተማሪያ መድረኩ ብዙ አልልም። ሙድልም ይሁን ሌላ፣ ኮሌጁ ያለውን ይጠቀሙ።

የማልመክረው አንድ ዓይነት አለ፦ ብልቃጥ በመዳፊት አንሥቶ ወደ ሌላ ብልቃጥ የሚያስገለብጥ፣ ቀጣዩን እርምጃ በቀስት የሚጠቁም «ምናባዊ ቤተ ሙከራ»። የእውነተኛውን ቤተ ሙከራ አሰልቺ ክፍል ይዞ አስደናቂውን ይጥላል። ተማሪው ሊሳሳትበት የማይችል ሙከራ ጊዜ ማባከኛ ነው።

4. የሥራ ወረቀቱን ይጻፉ

የመምህሩ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ከተቀዳ ንግግር የበለጠ ጊዜ ይስጡት። ወረቀቱ ሦስት ክፍል አለው፦ ግምት፣ ምልከታ፣ ማብራሪያ። በፔንዱለም ልውሰደው፤ መሣሪያው ቀላል ስለሆነ አሠራሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የግምቱ ክፍል ሲሙሌሽኑ ከመከፈቱ በፊት ይሞላል። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በክር ጫፍ የተንጠለጠለውን ነገር ሁለት እጥፍ ከባድ በሆነ ብንተካው፣ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ምን ይሆናል? ክሩን አራት እጥፍ ብናስረዝመውስ? ከመልቀቃችን በፊት ራቅ አድርገን ብንስበውስ? ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያትና ከ1 እስከ 5 የእርግጠኝነት መጠን ይጠይቁ። እርግጠኝነቱ ጠቃሚ ነው፤ 5 ብሎ የተሳሳተ ተማሪ ውጤቱን አይረሳውም። ሙድልን የሚጠቀሙ ከሆነ የሲሙሌሽኑ ሊንክ ግምቱ ከገባ በኋላ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ያድርጉት።

ምልከታው ሲጀመር ለጥቂት ደቂቃ ያለ ምንም ትእዛዝ ይተዉአቸው። የፌት አዘጋጆችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ተማሪው መሣሪያውን በራሱ መንገድ ሲያውቀው ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። «መጀመሪያ ሰማያዊውን ተጫን፣ ቀጥሎ ርዝመቱን 0.5 አድርግ» የሚል ወረቀት ግን ሳይንሱን ከተማሪው እጅ ነጥቆ ለወረቀቱ ይሰጣል። «በጊዜው ላይ ለውጥ የሚያመጣው የትኛው እንደሆነ ለሌላ ሰው የሚያሳምን ማስረጃ አምጡ» ብሎ መተው ይሻላል። ያኔ አንዱን ተለዋዋጭ እየለወጡ ሌሎቹን አለመንካት አስፈላጊ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ያልደረሰበት ቡድን ማስረጃው በጓደኞቹ ሲፈርስ ያየዋል።

አንድ ነገር ግን ቀድመው ይንገሯቸው፦ አንድን ውዝዋዜ ሳይሆን አሥሩን በአንድ ላይ ለክተው ለ10 ያካፍሉ። ሰዓት የሚጫነው ጣት አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ሊያጎድል ወይም ሊያስረፍድ ይችላል፤ ለ10 ሲካፈል ስህተቱ ወደ 0.02 ሴኮንድ ይወርዳል። የልኬት ስህተትን በተመለከተ ለጠቅላላ ሳይንስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ውጤቱ እንዲህ ይሆናል። በ1 ሜትር ክር አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 2 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ በ25 ሳንቲ ሜትር 1 ሴኮንድ። ክብደቱ ምንም አይለውጥም፤ ብዙዎቹ 5 ብለው የወደቁበት ይህ ነው። ከመልቀቃችን በፊት የሳብንበት ማዕዘን ደግሞ አስቸጋሪው ነው። እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ለውጡ በመቶኛ ሲሰላ አንድ እንኳ አይሞላም። በ60 ዲግሪ ግን ጊዜው በ7 በመቶ ያህል ይረዝማል። «ማዕዘን ለውጥ አያመጣም» የሚለውን ከመጽሐፍ የሸመደደ ተማሪና በስፋት የለካ ተማሪ እዚህ ላይ ይጋጫሉ። ጣልቃ አይግቡ፤ ሁለቱም ማዕዘናቸውን እስኪናገሩ ይጠብቁ።

ከዚያ ሲሙሌሽኑ ጨረቃ ላይ ይወሰድ። ያው የ1 ሜትር ክር 4.9 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። የሁለቱን ጊዜ ጥምርታ በራሱ ሲያባዙት 6 ይመጣል፤ የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ መሆኑን ተማሪው በሰዓት ብቻ አገኘው ማለት ነው። በፌት ፔንዱለም ውስጥ ስበቷ ያልተነገረ አንዲት ፕላኔትም አለች። የእሷን ስበት እንዲያገኙ ለሳምንቱ የቤት ሥራ ይስጧቸው።

ማብራሪያው ክፍል ግምትን ከውጤት ማነጻጸር ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ አለ፦ ሲሙሌሽን ሰው የጻፈው ፕሮግራም ነው። ክብደት ጊዜውን አለመለወጡን ያሳየው ፕሮግራም አድራጊው እንዲያ ስለጻፈው ነው። ተፈጥሮ ትስማማ እንደሆነ የሚታወቀው በእውነተኛ ክር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚያልቀው ክር፣ ሁለት የተለያየ ክብደት ያላቸው ትናንሽ ዕቃዎችና ስልክ ይዞ በቤት በመለካት ይሁን። ርዝመቱ የሚለካው ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ዕቃው መካከል መሆኑን ያስታውሷቸው፤ እስከ ቋጠሮው ብቻ ለክቶ ሲሙሌሽኑን የሚከስ ተማሪ አይጠፋም። ስልኩን ራሱን በጥንቃቄ አስሮ ማወዛወዝ የሚፈልግ ፋይፎክስን ከፍቶ የውዝዋዜውን ጊዜ በቀጥታ ማንበብ ይችላል፤ ከሥር ለስላሳ ነገር ይነጠፍ። በቤት የሚሠራ ሙከራ ሁሉ እሳት፣ የቤት ኤሌክትሪክና የማይታወቅ ኬሚካል የሌለበት መሆን አለበት። ለኤሌክትሪክ ትምህርቱ ሲሙሌሽኑ ወይም የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይበቃል።

5. የቀጥታውን ክፍለ ጊዜ ለክርክር ይጠቀሙበት

ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት ጊዜ ውድ ነው፤ ተቀድቶ ሊላክ በሚችል ንግግር አያጥፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ንግግር ብቻ ከሚሰሙ ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ሲወድቁ አሳታፊ በሆነ መንገድ ከሚማሩት የወደቁት 22 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቶቹ የተደረጉት በአብዛኛው ፊት ለፊት በሚሰጥ ትምህርት ላይ ቢሆንም መምህር ከርቀት ሲሆን የንግግሩ ኃይል ይጨምራል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አይታየኝም።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያዳበረው አሠራር ለዚህ የተመቸ ነው። አንድ ባለ ምርጫ ጥያቄ ያቅርቡ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ድምፅ ይስጥ፤ ውጤቱን አያሳዩ። ትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ ሦስት ሦስት እያደረጉ በትናንሽ ክፍሎች ይመድቧቸውና እርስ በርስ ያሳምኑ፤ ከዚያ ዳግም ድምፅ ይስጡ። ከዚያ በታች ከሆነ ጥያቄው ገና ነውና እንደገና ያብራሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይለፉት።

ድምፅ መስጫ ፕሮግራም ከሌለ በጽሑፍ መልእክት ይሠራል። ሁሉም መልሱን ይጻፍ፤ እርስዎ «ላኩ» እስኪሉ ግን አይላክ። መልሶቹ በአንድ ቅጽበት ሲወርዱ ጎበዙን ጠብቆ የሚገለብጥ አይኖርም። በትናንሽ ክፍሎቹም አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ሲሙሌሽኑን የሚያንቀሳቅስ፣ አንዱ ተቃዋሚ ይሁን። ተቃዋሚ ያልተሾመበት ቡድን ቶሎ ይስማማና ዝም ይላል።

6. እውነተኛ መረጃ ያስነኩ

ሲሙሌሽን ንጹሕ ነው፤ ተፈጥሮ ግን ዝብርቅርቅ ናት፤ ተማሪው ሁለቱንም ማየት አለበት። እኔ በጁፒተር ጨረቃዎች እጀምራለሁ። ጋሊሊዮ አራቱን ትልልቆች ያያቸው በጃንዋሪ 1610 ነበር፤ ዛሬ ስቴላሪየም ላይ ጁፒተርን ፈልጎ አጉልቶ፣ ሰዓቱን በየሦስት ሰዓቱ እየገፉ ያሉበትን ቦታ በወረቀት መሣል ይቻላል። መጀመሪያ «ከአራቱ በጣም የራቀችው ጨረቃ አንድ ዙር ለመጨረስ ከቅርቧ ስንት እጥፍ ጊዜ ይፈጅባታል?» ብለው ያስገምቱ። አዮ ከጁፒተር 422 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ በ1.77 ቀን ትዞራለች፤ ካሊስቶ በ1.88 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት 16.7 ቀን ይፈጅባታል። ርቀቱ 4.46 እጥፍ፣ ጊዜው 9.4 እጥፍ ገደማ ነው። የርቀቱ ጥምርታ ሦስት ጊዜ በራሱ፣ የጊዜው ጥምርታ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ሁለቱም ወደ 89 ይደርሳሉ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1619 ለፕላኔቶች ያሳተመው ሕግ ይኸው ነው፤ ተማሪው ከሥዕሉ ሲያገኘው ቁጥሩ ትንሽ ይዛነፋል፤ ይዛነፍ።

ለመሬት ሳይንስ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ አለ። ባዶ የዓለም ካርታ ልከው «ባለፉት 30 ቀናት በመጠን ከ4.5 በላይ የሆኑት የት የደረሱ ይመስላችኋል?» ብለው ነጥብ ያስደርጉ፤ ከዚያ ካርታው ይከፈት። በመላው ምድር የተበተኑ ነጥቦች ያደረገ ተማሪ የፓስፊክን ዙሪያ ሲያይ የሚጠይቀውን ጥያቄ መምህሩ ሊያዘጋጅለት አይችልም። በዚያው የመጠኑ ቁጥር በ1 ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል እንደሚሆን ይንገሯቸው።

ለከባቢ አየር ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ በሚገኘው የማውና ሎዋ ተራራ የጀመረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት አለ። ያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። ለክፍል የሚመቸው ግን ወደ ላይ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ መስመሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚወርደው ለምንድን ነው? ይህን የመለሰ ተማሪ የሄልሞንትንም ዛፍ መልሷል።

7. ምዘናው

ግምትን በትክክለኛነቱ አያርሙ። ነጥብ የሚሰጠው ምክንያት ስለተጻፈበት ብቻ ነው። አለበለዚያ ተማሪው ሲሙሌሽኑን ደብቆ ከፍቶ «ገምቻለሁ» ይላል፤ አሠራሩም በሙሉ ይፈርሳል።

እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቁጥር ይኑረው። የመለያ ቁጥሩን የመጨረሻ አኃዝ በ5 አባዝቶ 50 ይደምርበት፤ የሚያገኘው በሳንቲ ሜትር የክሩ ርዝመት ነው። ያልተስተካከለውን ጥሬ ልኬት፣ የተከለውን ፔንዱለም ፎቶና በራሱ ድምፅ የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ይላክ። መልስ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ባሉበት ዘመን የተጣራ ድርሰት ብዙ አይነግርዎትም። «ሦስተኛው ልኬትህ ከሌሎቹ ለምን ራቀ?» የሚል ጥያቄ ግን ክሩን ያልነካውን ወዲያው ይለያል። ለመጨረሻ ፈተና የሚስማማኝ ዓይነት ይህ ነው፦ አንድ ምናባዊ ተማሪ ክብደቱንና ርዝመቱን በአንድ ጊዜ ቀይሮ የሞላውን ሠንጠረዥና የጻፈውን መደምደሚያ ይስጧቸው፤ ስህተቱን አግኝተው ሙከራውን እንደገና ያቅዱት።

8. ኔትወርክ ሲቋረጥ

ይቋረጣል። የሳምንቱን የሥራ ወረቀትና የሲሙሌሽኑን ፋይል ከቀጥታው ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይላኩ፤ በወረቀቱ አናት ላይም «ከተለያየን እስከ ጥያቄ 4 በራሳችሁ ቀጥሉ፤ ልኬታችሁን እስከ ማታ ላኩ» የሚል መስመር ይኑር። የራስዎ መስመር ቢቆረጥ ክፍሉን የሚረከብ አንድ ተማሪ በየሳምንቱ ይሰይሙ፤ የድምፅ መስጫ ጥያቄዎቹም በእጁ ይኑሩ።